ስትቆም ደውልልኝ

በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም ለአዋቂ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር



ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁት ትኖራላችሁ። አሁን ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ እያነበባችሁት ነው። ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ መለስ ብላችሁ አንብቡት። ችኮላ የለብንም።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ከባድ መኪና ሹፌር ነው። መሪ ይዞ ሳለ ዓይኑንና ሐሳቡን ከመንገድ ላይ ስለሚወስዱበት ነገሮች እንነጋገራለን።

ከመካከላችሁ፣ «እኔ ሹፌር አይደለሁም፤ ይህ ጉዳይ ምን ያገባኛል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባዋል። ልጁን በአስፋልት ዳር ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ያገባዋል። ከብቱን አሻግሮ ውሃ የሚያጠጣ ያገባዋል። በመንገድ ዳር ሻይ አፍልታ የምትሸጥ ያገባታል። ባሏ፣ ወንድሟ ወይም ልጇ ሹፌር የሆነባት ደግሞ ከሁሉም በላይ ያገባታል። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

ሁለት ዛፍ

አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። ይህ ተረት ለሹፌር የተነገረ ይመስላል።

ሰው ሁለት ዓይን አለው። ሁለት እጅ አለው። ሁለት ጆሮም አለው። ልቡ ግን አንድ ነው። አንዱን ልብ ለሁለት ሥራ ሲያካፍለው ሁለቱም ሥራ ይጎድላል።

ሹፌርን ከሥራው የሚያዘናጉት ነገሮች ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ዓይንን ከመንገድ የሚወስድ ነው። ለምሳሌ በስልክ ላይ ፊልም ማየት፣ የተላከ መልእክት ማንበብ፣ ከጋቢና ወለል ላይ የወደቀ ነገር መፈለግ።

ሁለተኛው እጅን ከመሪ የሚያስለቅቅ ነው። ለምሳሌ ብርቱካን መላጥ፣ ጫት መቀንጠስ፣ ስልክ ይዞ ቁጥር መምታት።

ሦስተኛው ልብን ከመንገድ የሚወስድ ነው። ለምሳሌ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ፣ በስልክ ስለ ጭነት ዋጋ መከራከር፣ የቤት ችግር እያሰቡ መንዳት።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዓይንንም፣ እጅንም፣ ልብንም በአንድ ጊዜ የሚወስድ ነገር ምንድን ነው? ልክ ናችሁ። የእጅ ስልክ ነው።

የእጅ ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ብዙ ጥቅም ሰጥቶናል። ሐኪም ለመጥራት፣ የገበያ ዋጋ ለመጠየቅ፣ ከሩቅ ዘመድ ጋር ለመጨዋወት ረድቶናል። ስለዚህ ዛሬ ስልክን ለመንቀፍ አልመጣሁም። ሁሉም ነገር ቦታ አለው ለማለት ነው። የስልክ ቦታ መሪ ላይ አይደለም።

እስቲ እናስላ

እርሳስና ወረቀት አቅርቡ። የተማርነውን ማባዛትና ማካፈል ዛሬ ለቁም ነገር እናውለዋለን።

አንድ ከባድ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። 1 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ነው። ስለዚህ መኪናው በ1 ሰዓት 72,000 ሜትር ይሄዳል።

1 ሰዓት 60 ደቂቃ ነው። 1 ደቂቃ ደግሞ 60 ሴኮንድ ነው። 60 ሲባዛ በ60 ስንት ይሆናል? 3,600 ነው። ስለዚህ በ1 ሰዓት ውስጥ 3,600 ሴኮንድ አለ።

አሁን 72,000ን ለ3,600 አካፍሉ። መልሱ 20 ነው። መኪናው በ1 ሴኮንድ 20 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ሴኮንድ ምን ያህል አጭር ናት? «አንድ» ብላችሁ እስክትጨርሱ አልፋለች።

ሹፌሩ ስልኩ ጮኸና፣ ማን እንደደወለ ለማየት ዓይኑን ለ3 ሴኮንድ ብቻ ወደ ታች አደረገ። 3 ሲባዛ በ20 ስንት ነው? 60 ነው። መኪናው 60 ሜትር በጭፍን ሄደ።

60 ሜትር ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ላይ አይታወቅም። ከቤት ውጡና በእግራችሁ ለኩት። የአንድ ጎልማሳ ርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 80 ርምጃ ቁጠሩ። ከዚያ ዞር ብላችሁ የተነሳችሁበትን ቦታ ተመልከቱ። በመካከሉ ስንት ቤት አለ? ስንት ልጆች እየተጫወቱ ነው? ስንት ፍየል ታስሯል? ያ ሁሉ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሹፌር የሚያልፍበት ቦታ ነው።

ሒሳቡ ገና አላለቀም። ሹፌሩ ዓይኑን ቀና አድርጎ አንዲት ሕፃን አስፋልት ላይ አየ እንበል። ወዲያው መኪናው ይቆማል? አይቆምም። ዓይን ያያል፣ ልብ ይገነዘባል፣ እግር ወደ ፍሬን ይሄዳል። ይህ ቢያንስ 1 ሴኮንድ ይወስዳል። በዚያ 1 ሴኮንድ መኪናው ሌላ 20 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላም የተጫነ መኪና ወዲያው አይቆምም። አስፋልቱ ደረቅ ቢሆን፣ ፍሬኑና ጎማው ደህና ቢሆኑ እንኳ 40 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ዝናብ ካለ፣ ቁልቁለት ከሆነ ወይም ጎማው ካለቀ ከዚህም ይበልጣል።

አሁን እንደምር። ዓይኑን ከመንገድ ያላነሳ ሹፌር ለማቆም 20 ሲደመር 40፣ 60 ሜትር ይበቃዋል። ስልክ ያየው ሹፌር ግን 60 ሲደመር 20 ሲደመር 40፣ 120 ሜትር ያስፈልገዋል። እጥፍ ነው።

ሕፃኗ ከመኪናው 100 ሜትር ርቃ ወደ መንገዱ ብትገባ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ሹፌር ሳይደርስባት በ60ኛው ሜትር ይቆማል። 40 ሜትር ይተርፈዋል። ከጋቢናው ወርዶ እጇን ይዞ ሊያሻግራት ይችላል። ሁለተኛው ሹፌር እሷ ዘንድ ሲደርስ ገና ፍሬን በመርገጥ ላይ ነው። ፍጥነቱም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሁለቱም ሹፌሮች ጥሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ልጆች አሏቸው። መኪናቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ፍሬናቸውም ደህና ነው። የለያያቸው 3 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ከባድ መኪና ከባድ ነው

የቤት መኪና የሚነዳ ሰው በስልክ ሲዘናጋም አደጋ ያደርሳል። ታዲያ ስለ ከባድ መኪና ለይተን የምንነጋገረው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ስለ ክብደቱ ነው። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ከነጭነቱ 40 ቶን ቢመዝን 400 ኩንታል ማለት ነው። 400 ኩንታል እህል በአንድ ቦታ ተከምሮ ታያችሁ? ያ ክምር ጎማ አውጥቶ ሲሮጥ አስቡት። ሰው ቢመታ፣ ቤት ቢመታ፣ አውቶቡስ ቢመታ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ሲሆን ደግሞ እሳቱም አለ።

ሁለተኛ ስለ ቁልቁለቱ ነው። አገራችን ተራራማ ናት። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በጣርማ በርም፣ በሊማሊሞም እንዲሁ ከባድ ቁልቁለት አለ። አዋቂ ሹፌር ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንሳል። መኪናውን በሞተር ይይዘዋል፤ ፍሬኑን ይቆጥበዋል። ፍሬን ያለ ዕረፍት ከተረገጠ ይግላል፤ ከጋለ መያዝ ይሳነዋል። ታዲያ ማርሽ የሚቀነስባት ጊዜ አጭር ናት። በዚያች ጊዜ ሹፌሩ በስልክ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ከሆነ ጊዜዋ ታልፈዋለች። በኋላ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ከፍሬኑ በፊት የተበጠሰው ግን የሹፌሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ ስለ ርዝመቱ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ረጅም ነው። ሹፌሩ ከጎንና ከኋላ ያለውን በስፖኪዮ ካልተመለከተ አያየውም። ብስክሌት የያዘ ልጅ ወይም አህያ የሚነዳ ገበሬ ከተሳቢው ጎን ሊኖር ይችላል። ስፖኪዮ በየጊዜው መታየት አለበት። ስልክ የሚያይ ዓይን ስፖኪዮ አያይም።

አራተኛ ስለ መንገዱ ርዝመት ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄድ ሹፌር 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሞጆን፣ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፎ በጋላፊ በኩል ድንበሩን ያቋርጣል። የአገራችን የወጪና የገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚመላለሰው በጅቡቲ ወደብ ነው። ስኳሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ነዳጁም በእነዚህ ሰዎች እጅ ያልፋል። በአፋር ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሙቀቱ ያደክማል። ለብዙ ሰዓት የሚታይ አዲስ ነገር የለም። ያን ጊዜ ድካምና መሰላቸት ይመጣል። ሹፌሩ ለመጫወቻ ስልኩን ያነሳል። እንቅልፉን ለማባረር ጫቱን ይፈታል። በዚያው መንገድ ላይ ግን ግመሎች ይሻገራሉ። ፍየሎችና እረኞቻቸው ይሻገራሉ። ጫት ደግሞ እንቅልፍን ያቆየዋል እንጂ አያስቀረውም። የእንቅልፍ መድኃኒቱ ከመንገድ ወጥቶ መተኛት ብቻ ነው።

ልብ ካላየ

አንዳንድ ሹፌር እንዲህ ይላል፦ «እኔ ስልክ በእጄ አልይዝም። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የማወራው። እጄ መሪ ላይ ነው። ዓይኔም መንገድ ላይ ነው። ታዲያ ምን ችግር አለው?»

መልሱን አባቶቻችን ከብዙ ዘመን በፊት ሰጥተውታል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ብለዋል።

ይህ በእናንተም ላይ ደርሶ ያውቃል። በሐሳብ ተውጣችሁ ስትሄዱ ጎረቤታችሁ በአጠገባችሁ አልፎ ሳታዩት ትቀራላችሁ። በኋላ «ምነው ዘጋኸኝ?» ይላችኋል። ዓይናችሁ ክፍት ነበር። ልባችሁ ግን እዚያ አልነበረም። ሹፌርም እንዲሁ ነው። በስልክ ስለ ገንዘብ ሲከራከር ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ነው፤ ልቡ ግን ገንዘቡ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ማዳመጫ በጆሮ አድርጎ መነጋገር ስልክን በእጅ ይዞ ከመነጋገር ያን ያህል እንደማይሻል ገልጿል። እየነዳ በስልክ የሚጠቀም ሰው ከማይጠቀመው ይልቅ ወደ 4 እጥፍ ለአደጋ የቀረበ መሆኑንም አስታውቋል።

«ታዲያ ከረዳቱ ጋር ሲጨዋወትስ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። መንገዱን ያያል። ከፊት ግመል ሲመጣ ወሬውን ያቋርጣል። «ጋሼ፣ ግመል!» ብሎ ይጮሃል። በስልክ የሚያወራው ሰው ግን ግመሉን አያይም። ከሩቅ ሆኖ ወሬውን ይቀጥላል። ልዩነቱ ይህ ነው።

መልእክት መጻፍና ማንበብ ከመነጋገርም የባሰ ነው። በአሜሪካን አገር የቨርጂኒያ ቴክ የትራንስፖርት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ጥናት ይፋ አድርጎ ነበር። ካሜራ በመኪኖች ውስጥ ተገጥሞ ሹፌሮቹ በሥራ ላይ እንዳሉ ታይተዋል። እየነዳ መልእክት የሚጽፍ የከባድ መኪና ሹፌር ለአደጋ ወይም ለአደጋ ለጥቂት ለመትረፍ ያለው ዕድል 23 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከ6 ሴኮንድ ውስጥ ከ4 ሴኮንድ ተኩል በላይ ዓይኑ መንገድ ላይ አልነበረም። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ከስቴት ወደ ስቴት ጭነት የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች እየነዱ ስልክ በእጃቸው እንዳይዙ ተከልክለዋል። እዚያ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችንም በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። የእኛም አገር የትራፊክ ደንብ እየነዱ በእጅ ስልክ መነጋገርን ይከለክላል።

በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ በ1 ዓመት ወደ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ሰው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚገድለው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝና ይህን ቁጥር ሳነብ የማስበው ስለ ክፍሌ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ልጆች አያለሁ።

የሚደውለው ማን ነው?

እስካሁን ስለ ሹፌሩ ተናገርን። አሁን ስለ ሌላኛው ሰው እንናገር። ስልክ በራሱ አይጮህም። የሚያስጮኸው ሰው አለ። ያ ሰው ማን ነው?

በማታው ክፍል ከሚማሩት እናቶች አንዷ ባለቤታቸው የተሳቢ ሹፌር ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ስንወያይ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ የልጆቼ አባት መንገድ ሲወጣ እኔ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። «ሲመሽ እደውላለሁ። ድምፁን ስሰማ ልቤ ያርፋል። ካላነሳ ደግሞ እስኪያነሳ ድረስ ደጋግሜ እደውላለሁ። ይኸ ጥፋት ነው?»

«እትዬ፣ ስልኩ ሲጠራ እሳቸው የት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መሪ ላይ ነዋ!» አሉ።

ከዚያ ዝም አሉ። የሰጡትን መልስ ራሳቸው ሰሙት። ቆየት ብለው፣ «የእኔ ልብ እንዲያርፍ የእሱን ልብ ከመንገድ ሳነሳ ኖሬያለሁ በሉኛ!» አሉ።

እኚህ እናት ክፉ አላደረጉም። የደወሉት ከፍቅር ነው። ከፍቅር የተደወለ ስልክ ግን ለመኪናው ከጠብ ከተደወለው አይለይም። መኪናው 3 ሴኮንዱን፣ 60 ሜትሩን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

በሚቀጥለው ጊዜ ባለቤታቸው ሲመጡ ሁለቱ ተነጋገሩ። ሹፌሩ የሚቆሙባቸውን ቦታዎች መረጡ። አዋሽ ሲቆሙ ይደውላሉ። ሚሌ ሲቆሙ ይደውላሉ። ሰመራ ሲያድሩ ይደውላሉ። ከዚያ ውጭ እሳቸውም አይደውሉም፣ ሚስታቸውም አይደውሉም። እናትየው የሦስቱን ከተሞች ስም በገዛ እጃቸው ጽፈው ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሰመራ። በተደወለ ቁጥር አንዱን ስም እያዩ ይተኛሉ።

አንድ ሌላ ሹፌር ደግሞ እንዲህ ብሎኛል፦ «መምህር፣ ሚስቴስ ብነግራት ትረዳኛለች። የማይረዳኝ ደላላው ነው። ስልኩን ካላነሳሁ ጭነቱን ለሌላ ይሰጠዋል። ባለንብረቱም ቢሆን ‹ለምን አላነሳህም?› ብሎ ይቆጣል። እንጀራዬ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ሹፌሩን ብቻ መውቀስ አይበቃም። ደላላ ሆይ፣ ሹፌሩ ሲቆም የሚደውልበትን ሰዓት አስቀድመህ ንገረው፤ እስከዚያ ጭነቱን ጠብቅለት። ባለንብረት ሆይ፣ የምትደውለው ወደ ንብረትህ ነው። 400 ኩንታል በሚሮጥበት ሰዓት ሹፌርህን ስታናግር በገዛ መኪናህ ላይ ፈርደሃል። ሹፌሩ እየነዳ ስልክ ባለማንሳቱ አትቆጣው፤ አመስግነው።

ጽሑፍ ይጠብቃል

ውድ ተማሪዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ትምህርት ልመለስ።

ጽሑፍ ከንግግር የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ንግግር ነፋስ ይወስደዋል። ጽሑፍ ግን ይቆያል። ዱሮ የአሰብ ሹፌር ቤተሰቡ ደብዳቤ ይልክለት ነበር። ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። «አሁኑኑ አንብበኝ» ብሎ አይጮህም። ሹፌሩ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያነበዋል።

የስልክ መልእክትም ደብዳቤ ነው። ቢቆይ አይበላሽም። በ10 ደቂቃም፣ በ2 ሰዓትም አንድ ዓይነት ነው። ፊደሉ አይጠፋም። መንገድ ግን እንዲህ አይደለም። መንገድ ላይ ያለችው ሕፃን እስክትነበብ አትጠብቅም። ጽሑፍ ይጠብቃል፤ መንገድ አይጠብቅም። ይህን ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ጻፉት።

እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ላለ ሹፌር የምትነግሩት ነገር ካለ ከመደወል ይልቅ ጻፉለት። ምን ብላችሁ? ሁለት ቃል ይበቃል፦

ስትቆም ደውልልኝ።

ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቃል አራት ፊደል አለው፦ ስ፣ ት፣ ቆ፣ ም። ሁለተኛው አምስት ፊደል አለው፦ ደ፣ ው፣ ል፣ ል፣ ኝ። ይህን መጻፍ የቻለ ሰው የሰው ሕይወት ማትረፍ ይችላል። እውነቴን ነው። ሹፌሩም ስምምነቱን ያውቃልና መልእክት ሲመጣ አይደነግጥም። ሲቆም ያነበዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሹፌር የሆናችሁ፦ መደወል ያለባችሁን ሁሉ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። የጭነት ወረቀታችሁን፣ ውሃችሁን፣ መነጽራችሁን በቅርብ አዘጋጁ። ከዚያ የስልኩን ድምፅ አጥፉና ለረዳታችሁ ስጡት። ረዳት ከሌለ እጃችሁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። የግድ መነጋገር ካስፈለገ ፍሬቻ አሳይታችሁ ከአስፋልቱ ጨርሶ ውጡ። ማደያ ወይም ሰፊ ሜዳ ምረጡ። መታጠፊያ ላይና ቁልቁለት ላይ አትቁሙ። ምግባችሁንም ቆማችሁ ብሉ። መኪናም ያርፋል፣ ሰውም ያርፋል።

ረዳት የሆናችሁ፦ ስልኩን እናንተ አንሱ። «እየነዳ ነው፤ ሲቆም ይደውላል» በሉና ዝጉት። በዕድሜ ልጆች ብትሆኑም ሹፌሩ ስልክ ሲያነሳ ዝም አትበሉ። «ጋሼ፣ ለእኔ ይስጡኝ» በሉ። እናንተም እዚያው ጋቢና ውስጥ ናችሁ።

ቤተሰብ የሆናችሁ፦ ስትደውሉ ከሰላምታ በፊት «እየነዳህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ካለ «ስትቆም ደውልልኝ» ብላችሁ ወዲያው ዝጉ። መርዶም ቢሆን፣ የምሥራችም ቢሆን መኪናው እስኪቆም ይቆይ። እንዲያውም እንዲህ ያለው ወሬ ልብ ይወስዳልና በተለይ ይቆይ።

በመንገድ ዳር የምትኖሩ፦ ሹፌሩ ያየናል ብላችሁ አትመኑ። በእግራችሁ ስትሄዱ ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያን ጊዜ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። ከብት ስታሻግሩ ቀድማችሁ መንገዱን በሁለቱም በኩል ተመልከቱ። ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ይዛችሁ አሻግሩ። አስፋልት ላይ እህል አታስጡ።

ስልክ የያዛችሁ እግረኞችም ብትሆኑ ይህ ትምህርት ለእናንተም ነው። አስፋልት ስትሻገሩ ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉ። ሹፌሩም ስልክ እያየ፣ እግረኛውም ስልክ እያየ ከተገናኙ የሚያይ ሰው አይኖርም።

ለመወያያ

አሁን በቡድን ሆናችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. መኪናው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በ1 ሴኮንድ ስንት ሜትር ይጓዛል? በ5 ሴኮንድስ?

2. ከረዳት ጋር መነጋገርና በስልክ መነጋገር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

3. በሰፈራችሁ ሹፌር ያለበት ቤት የትኛው ነው? ወደ እሱ የሚደውሉት እነማን ናቸው?

4. የምታውቁት ሹፌር የሚቆምባቸውን ሦስት ከተሞች ጻፉ።

5. «ስትቆም ደውልልኝ» የሚለውን አምስት ጊዜ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፉ። ስድስተኛውን በስልክ ላይ ጻፉና ለሚመለከተው ሰው ላኩት።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ 10 ሜትርና 50 ሜትር ነው። የሌሎቹን መልስ እናንተ ታውቁታላችሁ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ስብሰባና ለቅሶ የሄደውን አይመልስም። ከአደጋው በፊት የሚደረገው ነገር ግን ቀላል ነው። ስልክ መዝጋት ነው። ጥቂት መታገሥ ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጉልበትም አያስፈልግም።

ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስታነሱ፣ የምትጠሩት ሰው መሪ ይዞ እንደሆነ አስቡ። ከሆነ ነገ ጠዋት በሰላም ደርሶ ራሱ ይደውልላችሁ።

ለዛሬ በዚሁ ይበቃናል። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ እንገናኛለን። የሳምንት ሰው ይበለን። ደህና ሁኑ።